ወና አንጀት

ሮቤ፣ ጥር 14 ቀን 1978

ጓድ ተክለማርያም ዛሬም መጣ። የዶሮ ዕርባታ ዘመቻው ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ጫጩቶቹን ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው ይመስለዋል። ቤቱን ዞረ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ፣ ከዚያ «ጓድ ዶክተር፣ በርክክቡ ዕለት አንዲት የሞተች እንዳላይ» አለኝ።

«ሞት በመመሪያ አይከለከልም» አልኩት።

አልሳቀም። ከሄደ በኋላ የላቦራቶሪዬ ቴክኒሻን ሠርከአዲስ «ዶክተር፣ ለሁሉም መልስ መስጠት ግዴታ ነው እንዴ?» አለችኝ። ግዴታ አይደለም። በሽታ ነው።

ስድስት መቶ ጫጩቶች ናቸው። ከማሽን እንደተፈለፈሉ መጥተውልን፣ በሮቤ ብርድ በላምባ ማሞቂያ አምስት ሳምንት አሳድገናቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የሳነቴን ብርዳማ ተራራ አቋርጠው ወደ ደሎ መና ቆላ ይወርዳሉ፤ እዚያ የሴቶች ማኅበር ይረከባቸዋል። ብርድ፣ የመኪና ንጠት፣ ከዚያ ሙቀት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በመጠጥ ውኃቸው ተሐዋስያን ገዳዩ መድኃኒት ቴትራሳይክሊን እንዲገባ አዘዝኩ። መና ከደረሱ በኋላም ለጥቂት ቀናት ይቀጥላል። አንዲትም የታመመች የለችም። ያልታመመ እንስሳ አይታከምም ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ይሁን። ለአንድ ሰሞን ነው።

ደሎ መና፣ ጥር 20

ደረስን። በጉዞ የሞተ የለም። ጓድ ተክለማርያም ንግግር አደረገ፤ ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ቆመው አጨበጨቡ፤ ጫጩቶቹ በየሣጥኑ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ነበር። ከንግግሩ ቀድሞ ውኃ ይሰጣቸው አልኩ። ከንግግሩ በኋላ ተሰጣቸው።

የዶሮ ቤቱን በሁለት ዙር ኖራ አስቀብቼዋለሁ። የድሮ ጉዝጓዝ ተጠርጎ ተቃጥሏል። የመንደር ዶሮ በአጥሩ ዙሪያ እንዳይደርስ አዝዣለሁ። የቀጠሩት ጠባቂ መሀመድአወል የሚባል ነው፤ መኖውንም የሚይዝ እሱ ነው። ረጅም፣ ዝግ ያለ ሰው፤ አንድ ነገር ሲነገረው እንደ በቆሎ ፍሬ አገላብጦ ካላየ አይውጥም። ይህ ያናድደኛል።

ደካሞቹን ለየሁ። «እነዚህን አርደህ አቃጥላቸው» አልኩት።

«ላልበላው አላርድም ዶክተር። ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩትን እሳት ላይ ልጣል?»

«እንግዲያው ያለ ቢስሚላህ ጨርሳቸው።»

«እሱስ የባሰ ነው» አለ ለራሱ ያህል። ከዚያ ቅርጫቱን አነሳ። እኔም ወደ መኪናው ሄድኩ።

ሮቤ፣ የካቲት 1

ከመና በሬዲዮ ተጠራን። እየሞቱ ነው። ስንት? አያውቁም። «ብዙ» አሉ። ብዙ ማለት ቁጥር አይደለም! ናፍጣ የለም። ነገ ጠዋት የእህል መኪና አለ፣ ከሹፌሩ ጎን ቦታ ይዤያለሁ። ቢላ፣ ጓንት፣ የናሙና ብልቃጥ፣ በረዶ።

ደሎ መና፣ የካቲት 3

በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጥግ ጥጉን ተከምረዋል፤ ያልሞቱት ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ መቀመጫቸው ላይ ነጭ ተቅማጥ እንደ ኖራ ደርቋል። ግማሽ ያህሉ አልቀዋል።

ሴቶቹ «ፈንግል ነው» ይላሉ። ፈንግል አይደለም። ፈንግል ቢሆን የመንደሩም ዶሮ ባለቀ። የመንደሩ ዶሮ ግን ከአጥሩ ውጭ እየጫረ እኔን ያያል።

ዛፍ ጥላ ሥር አምስቱን ከፈትኩ። ጉበታቸው አብጧል፤ ጫፋቸው የተዘጋው ሁለቱ ዕውር አንጀቶች ውስጥ እንደ ዓይብ የረጋ ነገር ሞልቷል። ናሙና ወሰድኩ። ከዚያ መኖ ቤቱ ገባሁ፤ አንድ ኩንታል በቆሎ ሥሩ ርሶ ሻግቷል። ሰው ሁሉ እያየ መሀመድአወል ላይ ጮህኩበት። ድንጋይ ደርድረህ ላዩ ላይ አስቀምጥ አላልኩህም ወይ? ማንበብ ባትችል መስማት አትችልም ወይ?

«እሰማለሁ ዶክተር» አለ። «ይህንን ኩንታል ገና አልነካሁትም፤ ከዚያኛው ነው የምሰጣቸው።»

አላመንኩትም። ቁጣ ላይ ስሆን የሰው ቃል አይገባኝም።

ጎባ፣ የካቲት 5

ስብሰባ። ጓድ ተክለማርያም ፊቱ ቀልቶ መጣ፤ ከበላዮቹ ስልክ ሲወርድበት እንዳደረ ያስታውቃል። የመጀመሪያ ጥያቄው «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚል ነበር። ምን ገደላቸው ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔ ጤነኛ ጫጩት አስረክቤያለሁ አልኩ። እውነት ነው። መኖው ውስጥ ሻጋታ አግኝቻለሁ አልኩ። ይህም እውነት ነው። «ጥፋቱ መኖውን የያዘው ሰው ነው» አልኩ።

ጸሐፊው ጻፈ።

ሮቤ፣ የካቲት 7

መሀመድአወል ትናንት ከመና ታስሮ ጎባ ገብቷል። «የዘመቻውን ውጤት ለማክሸፍ መኖ መርዟል» ይላሉ። ሠርከአዲስ ናት የነገረችኝ፤ የጎባ ልጅ ስለሆነች ወሬ ይደርሳታል።

ቸልተኛ ነው አልኩ እንጂ ጠላት ነው አላልኩም። ቸልተኛና ጠላት አንድ አይደሉም።

«ለማጣራት ያህል ነው ይለቁታል» አልኳት። እጇን እየታጠበች ነበር። ቧንቧውን ሳትዘጋ ረጅም ጊዜ ቆመች።

ሮቤ፣ የካቲት 11

እዚህ ለናሙና ያስቀረኋቸው ጥቂት ጫጩቶች አሉ፤ ከዚያው ዙር ናቸው፣ መድኃኒቱን ግን አልጠጡም። ከመና ያመጣሁትን የሻገተ በቆሎ ሳበላቸው ሰንብቻለሁ። በልተው፣ ጠጥተው፣ እርስ በርስ እየተቧቀሱ ነው። መርዝ የለም።

ከሞቱት አንጀት የዘራሁት ዛሬ በቅሏል። ሳልሞኔላ የሚባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ፣ ሳህኑን ሞልቶ። ያስደነገጠኝ ግን እሱ አይደለም። ከእሱ በቀር ምንም አልበቀለም። ለማወዳደር ብዬ ከዘበኛው አሮጊት ዶሮ ገዝቼ ከፍቼ ነበር፤ ከእሷ ዕውር አንጀት የተቀባው መስታወት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሮቤ ገበያ ነው፤ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ክቡ፣ ጥምዝምዙ፣ እግር ማስቀመጫ የለም። የጫጩቶቹ ባዶ ሜዳ ነው። በባዶው ሜዳ አንድ ዓይነት ብቻ ይንጋጋል።

ጉዳዩ ግልጽ ነው፤ በሳይንስ ቋንቋ ልጻፈው። ጫጩት ከእናቷ ኩስ እየለቀመች አንጀቷን የሚጠብቁ ተሐዋስያን ታገኛለች። እነዚህ እናት የላቸውም። ከሮቤው ጉዝጓዝ የለቀሙትን ጥቂት ደግሞ ቴትራሳይክሊኑ ጠረገው። መና ላይ የቀረውን ዕድል ኖራው አጠበው። ከዚያ ሙቀት። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሲሞቃት ደሟ ወደ ቆዳዋ ይወጣል፣ አንጀቷ ደም ያጥረዋል፣ መብላት ትታ ውኃ ብቻ ትጠጣለች። ውኃው ደግሞ የኩሬ ውኃ ነው። መድኃኒቱ በቆመ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ቤቱ ወና፣ በሩ ክፍት።

«ቴትራሳይክሊኑ ጠረገው» ብያለሁ። መድኃኒት በራሱ ውኃ ውስጥ አይገባም።

አንድ ውጤት ግን ውጤት አይደለም። መደገም አለበት።

ሮቤ፣ የካቲት 13

ድጋሚው ተጀምሯል። ጄኔሬተሩ ተበላሸ። ሙቀቱን በላምባ እየጠበቅሁ ነው። ጓድ ተክለማርያም ደውሎ «ሪፖርትህ የት ደረሰ? እኛ ጉዳዩን ጨርሰናል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረን» አለ። ገና ነው አልኩት።

ሮቤ፣ የካቲት 18

ሁለተኛውም ያው።

«እንግዲህ ይጻፋ» አለች ሠርከአዲስ።

«ሦስት ጊዜ ያልተደገመ ነገር ወሬ ነው።»

«ሰውዬውስ? እሱም ሦስት ጊዜ ይታሰር?»

ከክፍሉ አስወጣኋት። ሃያ ዓመት የምበልጣት፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ስለ ሥራ ዘዴ ልታስተምረኝ! ሳህኖቹን ብቻዬን አጠብኩ፤ አንዱን ሰበርኩ።

ሥርዓት ሥርዓት ነው። ችኩል ሪፖርት ሰውዬውንም ይጎዳዋል። አንዴ ተነስቼ ከተናገርኩ በኋላ ስህተት ቢገኝበት ማን ይሰማኛል? ታናሽ ወንድሜ በስድሳ ዘጠኝ በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ተነስቶ እውነት የሆነ ነገር ተናገረ። እርግጠኛ ነበር። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ምሳውን ታስቀምጥለት ነበር።

ይህ ከባክቴሪያ ጋር ምን አገናኘው? አያገናኘውም።

ሮቤ፣ የካቲት 22

ጠዋት በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማ አገኘሁ። ጥቁር ሻሽ፣ በእጇ ባዶ የምግብ ሳህን በጨርቅ ተቋጥሮ።

«አሸማ ዶክተር። ዙህራ ነኝ፣ የመሀመድአወል ባለቤት።» እዚህ ሮቤ አክስቷ ዘንድ አርፋ ጎባ ስንቅ ታመላልሳለች። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። ባለፈው ሳምንት ዓርብ ሳየው ግራ ጆሮው ላይ ጨርቅ አስሯል። ‹ምን ሆንክ?› ብለው ‹ምን?› ይለኛል። ደግሜ ብጠይቀው ‹ምን?›። ቀልዱን መስሎኝ ተቆጣሁ።»

እኔ ጓንቴን ማውለቅ ጀመርኩ። ለካ አላጠለቅሁትም ነበር።

«መርዝ ነው ይላሉ» አለች። «ቤቴ ያሉትም እኮ ከዚያው የመኖ ማዳበሪያ ነው የሚበሉት። እሱ ከመጋዘን ጠራርጎ የሚያመጣላቸው ነው። ለምን አልሞቱም?»

«የትኞቹ?»

ፊቷ ላይ የተናገረችው ነገር ሲገባት አየሁ። «የኔ ዶሮዎች» አለች፤ ሳህኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «የኔው የቤት ዶሮዎች።»

«ዙህራ፣ ደካሞቹን አላረዳቸውም አይደል?»

«ላልበላ አላርድም አለ» አለች በሹክሹክታ። «አሏህን ይፍሩ ዶክተር፣ እንዳይናገሩ። የመንግሥት ንብረት ሰረቀ ብለው ይጨርሱታል።»

ደሎ መና፣ የካቲት 24

ግቢዋ ገባሁ። አሥር ያህል ቢሆኑ ነው ብዬ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ነጭ፣ ረጃጅም እግር፣ ክንፋቸው የጠበቀ። ሊሞቱ ነው ብዬ የለየኋቸው ደካሞች! ላባቸውን ገልጬ አየሁ፣ ጉሮሯቸውን፣ መቀመጫቸውን። ንጹሕ። ሙቀቱ ያው ነው፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል፤ እነሱ አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩም አመድ ይጭራሉ።

«ስትቀበያቸው ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? እንደማንኛውም አዲስ ዶሮ፣ ቤት እንዲለምዱ እግራቸውን ከአሮጊቷ ጎን አሰርኩ።»

አሮጊቷ ቀይ ዶሮ ናት፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ። ችካሏ አጠገብ የዓመት ኩስ ተጋግሯል። ያንን ለቅመዋል። ያው ጫጩት፣ ያው መድኃኒት፣ ያው መኖ፣ ያው ቆላ። እኔ በሰው ገንዘብ ልሠራው የማልችለው ሙከራ ባልታሰበ መንገድ ተሠርቶ ግቢ ውስጥ ይጭራል።

እና አልጠቀምበትም። ባሳየው ሰውዬው ከመርዝ ነጻ ይወጣል፤ በዚያው እግሩ በስርቆት ይገባል። ዛሬ ለስርቆት የሚሰጡትን ቅጣት እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

በር ላይ ከቆየሁ በኋላ ተመለስኩ። «ዙህራ፣ እነዚህን ጫጩቶች ለመሀመድአወል ሰጥቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን። እንዲያረባቸውና እንዲከታተላቸው ሰጠሁት። ስንቅ ስታደርሺ ንገሪው።»

አየችኝ። «እሱ በሐሰት አይምልም ዶክተር። ይወቁት። ቢያርዱትም አይምልም።»

«ሐሰት አይደለም። ሰጠሁ አልኩ እኮ። ሰጥቶሃል ወይ ሲሉት ሰጥቶኛል ይበል። ሌላ አይጨምር።»

«ደንበኛ ነጋዴ ይወጣዎት ነበር» አለች። የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነው። ቶሎ ጠፋ።

ሮቤ፣ የካቲት 28

ከዙህራ ጫጩቶች ኩስ የቀባሁት መስታወት፦ ገበያ። ሞልቶ የፈሰሰ ገበያ።

ሠርከአዲስን ጠርቼ አሳየኋት። ረጅም አየችና «ይህ ሦስተኛው መሆኑ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። አራተኛ የለም። ይቅርታ ልላት አስቤ «ሳህኖቹን በደንብ አድርቂ» አልኳት።

ሮቤ፣ የካቲት 30

የሴቶች ቀን ትናንት ተከበረ። ስብሰባው ለማክሰኞ ወይ ለረቡዕ ተባለ። ለጓድ ተክለማርያም ምንም አልላክሁም። በአፌ እናገራለሁ። ወረቀት ከላክሁ በር ላይ ያስቀሩኛል።

ጎባ፣ መጋቢት 3

ሁሉንም ልጻፈው።

ወደ ሃያ ሰው ነበርን። «የሞታቸው ምክንያት መድኃኒት ነው» አልኩ።

«መርዝ ማለትህ ነው?» አለ ጓድ ተክለማርያም።

«መድኃኒት። እኔ ያዘዝኩት። በርክክቡ ዕለት አንዲት የሞተች እንዳይታይ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ዓይኑን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ዓይኑን አነሳ። ስለ አንጀቱ አስረዳሁ። ስለ እናት ኩስ ስነግራቸው ፊታቸውን አጨማደዱ። ሳልጠነቀቅ እንዲህ አልኩ፦ «መንደር በሉት። መንደሩን የያዙት ነዋሪዎች ናቸው። ነዋሪውን አስነስተህ ባዶ ብታደርገው ሽፍታ ይሰፍርበታል።»

ጓድ ተክለማርያም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስለ መንደር ምሥረታ ነው የምታወራው?»

«ስለ አንጀት ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ከዚያ ሁሉም ሳሉ።

«ማስረጃ?»

«አሥራ ዘጠኝ ጫጩቶች በመሀመድአወል ግቢ አሉ። ከዚያው ዙር። መና ላይ ከቀሩት ሁሉ እነሱ ብቻ ናቸው ደህና የሆኑት።»

«የመንግሥት ጫጩት በግለሰብ ግቢ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። ደካሞቹን ለይቼ ከአሮጊት ዶሮ ጋር እንዲያሳድግ በርክክቡ ዕለት አዘዝኩት። ለንጽጽር።»

ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ አሃዝ አላዛባሁም። ለተማሪዎቼ ያልታየ ነገር የሚጽፍ እጁ ይቆረጥ እል ነበር። ወጣ፤ እንደ ምራቅ ቀሎ ወጣ። ዙህራን «ሌላ አይጨምር» ያልኩት እኔ፣ ቀን ጨመርኩበት።

መሀመድአወልን አስገቡት። ከስቷል። ሲያናግሩት ራሱን አዙሮ ቀኝ ጆሮውን ይሰጣል።

«ዶክተሩ ጫጩት ሰጥተውሃል?»

«እ?»

«ሰጥተውሃል ወይ! ማል!»

አየኝ። ያንን በቆሎ የሚያገላብጥ አስተያየቱን አየኝ፣ ረጅም። እኔ የምመኘው እምቢ እንዲል ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እምቢ ቢል አከብረው ነበር።

«ወላሂ ሰጥተውኛል።»

«መቼ?»

«ቀን የሚጽፉ እሳቸው ናቸው ጓድ። እኔ ኩስ ነው የምጠርግ።»

ሳቁ። ጓድ ተክለማርያምም ሳቀ፣ ሳይፈልግ። ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ ሳቁ አልቋል። «እንግዲያው ጥፋተኛው ተገኝቷል» አለ።

«አዎ» አልኩ።

ሮቤ፣ መጋቢት 10

መሀመድአወል ተለቀቀ። እኔ ከኃላፊነቴ ተነሳሁ፤ አንገቱ ወደምትባል የቆላ ከተማ ወርጄ የከብት ክትባት እንድሠራ ታዝዣለሁ። ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር። ሠርከአዲስ «ዕድለኛ ነዎት፤ የሚተካዎት የእንስሳት ሐኪም ክፍለ ሀገሩ ውስጥ የለም» አለች። ጾም ገብቷል፤ ሽሮ በድስት ይዛልኝ መጣች። አብረን በላን። ስለ ይቅርታው አላነሳሁም፣ እሷም አልጠበቀችም።

ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ነገርኳት፦ የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ መድኃኒት የለም፤ ጤነኛ አሮጊት ዶሮ ፈልጊ፣ መርምሪያት፣ ጉዝጓዟን ለጫጩቶቹ በትኚ። «አለቆቹ ቢያዩ ምን ልበል?» አለች። ባህላዊ ዘዴ ነው በያቸው አልኳት። ባህል ዘንድሮ ተወዷል።

ደሎ መና፣ መጋቢት 17

ከአንገቱ መኪና በፊት የምጽፈው ነው፤ ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ።

ከጎባ የመጣው አውቶቡስ በዕኩለ ቀን አራገፈን። ከሹፌሩ ረዳት ጋር ስለ ሣጥኔ እጨቃጨቃለሁ፦ አትወርውር፣ ማይክሮስኮፕ አለበት፣ የራሴ ነው፣ በወር ደመወዝ የማይገዛ ነው። «ይልቀቁት፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ አንድ ድምፅ። መሀመድአወል ነው። ዙህራ እንደምመጣ ሰምታ ልካዋለች። ሣጥኑን በትከሻው ተሸከመ፤ የአንገቱ መኪና ወደሚቆምበት በግራዬ በኩል ሆኖ ይሄዳል፣ ቀኝ ጆሮው እንዲሰማኝ።

ስለ ጫጩቶቹ ጠየቅሁት። ሁለቱን ጭልፊት ወስዷል፣ የቀሩት ደህና ናቸው። አሮጊቷ ዶሮስ? ደህና ናት። «ራሷን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር አድርጋለች» አለ። ሳቅሁ። ከጥር ወዲህ የሳቅሁ አይመስለኝም።

መኪናው ዘንድ ስንደርስ ሣጥኑን ወደ ጣሪያው ሊያነሳ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ቆመ። «ዶክተር» አለ፣ «ዙህራ ‹ሰጥቶሃል› ብላ የመጣችው የካቲት መጨረሻ ነው። እርስዎ መኖው እንዳልሆነ ያወቁት መቼ ነው?»

ሦስተኛው ሙከራ ያለቀበትን ቀን መናገር እችል ነበር። በሥራ ሕግ ትክክል ነው፤ የሚከራከረኝ ባለሙያ የለም። እሱ ደግሞ ያምነኝ ነበር።

«የካቲት አሥራ አንድ» አልኩት።

«ያኔ ጆሮዬ ደህና ነበር» አለ።

ሣጥኑን ከራሱ በላይ እንደያዘ ትንሽ ቆመና ወደ ታች አወረደው፤ መሬት ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። አልወረወረውም። ማይክሮስኮፕ እንዳለበት ስለሰማ፣ ድንጋይ የሌለበት ቦታ መርጦ፣ ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው።